«እንፋሎት ብቻ ነው»፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የመንግሥትን ማስጠንቀቂያ ለምን አናምንም?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተወሰደ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።



ባለፈው ረመዷን አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በመስጊዳችን መኪና ማቆሚያ ላይ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ ቬፕ ፆም ያፈርሳል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። አዎን ያፈርሳል አልኩት። ሰው አውቆና ፈቅዶ ወደ ውስጡ የሚስበው ነገር ነውና በዚህ በኩል ከሲጋራ ጭስ የሚለይበት ምክንያት የለም። «ግን እኮ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ውሃ ማለት ነው» አለኝ። «ታዲያ ውሃ ለፆመኛ መቼ ተፈቀደ?» ብዬ ስመልስለት እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

የፊቅሁ ጥያቄ በዚሁ አለቀ። ያላለቀው የ«እንፋሎት ብቻ» ነገር ነው። በውስጡ ኒኮቲን እንዳለ፣ የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤቶችም ስለ ወጣቶች ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ ስነግረው፣ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «እነሱን ደግሞ ማን ያምናቸዋል ኡስታዝ?» ብሎኝ ሄደ። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነው። ተራ ሲጋራ አንድም ቀን አጭሶ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ አባቱ ደወሉልኝ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ስማቸውን እስካልጠራሁ ድረስ ጉዳያቸውን ባወራ ቅር እንደማይላቸው ነግረውኛል። 26 ዓመት ሲጋራ አጭሰዋል። በቆዳ ላይ የሚለጠፈውንም፣ ማስቲካውንም ሞክረው አልሆነላቸውም። በ2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተለማምደው ተራውን ተዉት፤ ደረጃ ሲወጡ ያስቸግራቸው የነበረው ሳልም ቀለለላቸው። «ልጄን ምን ብዬ ልገሥጸው? እኔው ራሴ ኪሴ ውስጥ ይዤ?» አሉኝ። ቀጥለውም «እውነቱን ልንገርህና እኔም የመንግሥቱን ማስጠንቀቂያ አላምነውም። እነሱን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ሲጋራዬን ሳጨስ ባገኘኸኝ ነበር» አሉኝ።

አባትና ልጅ አንድ ቃል ነው የተናገሩት። ሆኖም አባትየው የተናገሩት ከደረሰባቸው ተነሥተው ነው፤ ልጁ ግን የአባቱን ጥርጣሬ በነፃ ወርሶ ነው የሚጠቀምበት። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ባትሪ፣ የምትግል ሽቦና ፈሳሽ ያለበት መሣሪያ ነው። ዛሬ በገበያ ያለውን ዓይነት በ2003 አካባቢ የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን፣ እሱ ራሱ አጫሽ ነበር። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ብዙውን ጊዜ ኒኮቲን የተቀላቀለበት ነው። ሽቦዋ ስትግል ፈሳሹ ተንኖ በደቃቅ ጠብታ መልክ ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ የውሃ እንፋሎት አይደለም። ትንባሆ አይነድበትምና ጭስም አይደለም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ቀላል ነገር አይደለም፤ አጫሽን የሚገድለው በዋናነት ትንባሆው ሲነድ የሚወጣው ጭስ ነውና። በአሜሪካ ብቻ ሲጋራ በየዓመቱ ወደ 480 ሺህ ሰው ይገድላል።

«ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን በምግብ ውስጥም የተፈቀዱ ናቸው» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። እውነት ነው። ነገር ግን በሆድ የሚገባና በሳንባ የሚገባ አንድ አይደለም። ውሃ ሰውን የሚያኖር የአላህ ኒዕማ ነው፤ ያው ውሃ ትን ሲል ግን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ጥርጣሬው ከየት እንደ መጣ እንይ። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በሐምሌ 2009 የሁለት ኩባንያዎችን ዕቃ፣ የኤንጆይንና የስሞኪንግ ኤቭሪዌርን፣ መርምሮ መግለጫ ሰጠ። ከመረመራቸው 18 የፈሳሽ መያዣዎች በአንዱ ውስጥ ዳይኢትሊን ግላይኮል 1 በመቶ ያህል ተገኘ፤ ከናሙናዎቹም በግማሽ ያህሉ ካንሰር አምጪ የሆኑት ናይትሮሳሚኖች ተገኙ። «ኒኮቲን የለበትም» ተብሎ በተጻፈባቸው ውስጥ እንኳ ኒኮቲን ነበር። ዳይኢትሊን ግላይኮል ታክሲ የምትነዱ ወንድሞች ከምታውቁት ከአንቲፍሪዝ ጋር ስሙ ይነሣል፤ ዜናውም በዚሁ ስም ወጣ። ሰው ሁሉ «አንቲፍሪዝ እያጨሱ ነው» አለ።

የመሥሪያ ቤቱ ድንጋጤ መሠረት አለው። በ1937 በዚያው በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋ የተባለውን መድኃኒት በዳይኢትሊን ግላይኮል በጥብጦ ሸጦ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ነበሩበት። አንድ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት እንደሌለው ይረጋገጥ የሚለው የ1938 ሕግ የወጣው በዚያ እልቂት ምክንያት ነው። ኤፍዲኤ ዛሬ ያለውን ሥልጣን ያገኘው በዚህ መርዝ ሰበብ ነው ማለት ይቻላል። ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም፤ በ2022 በጋምቢያ ይኸው መርዝና ዘመዱ የተገኘባቸውን የሳል ሽሮፖች ጠጥተው ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት እንደሞቱ ይታወሳል። አላህ ለወላጆቻቸው ሶብር ይስጣቸው።

ታዲያ መግለጫው ምን ጎደለው? ልክ ጎደለው። ኤፍዲኤ ዕቃውን ያነጻጸረው በመድኃኒትነት ከተፈቀደ የኒኮቲን መሳቢያ ጋር እንጂ፣ ሰዎቹ ሊተዉት ከሚታገሉት ከሲጋራ ጋር አልነበረም። ማይክል ሲገል የተባሉ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ መምህር (ዕድሜያቸውን በትንባሆ ላይ ሲዘምቱ የኖሩ ሰው ናቸው) ቁጥሮቹን አይተው የተገኘው ናይትሮሳሚን ሰዎች በሐኪም ምክር በቆዳቸው ላይ ከሚለጥፉት የኒኮቲን ፕላስተር ጋር የሚቀራረብ፣ ከሲጋራው ግን በመቶዎች እጥፍ ያነሰ መሆኑን ጻፉ። ዳይኢትሊን ግላይኮሉም ከ18 በአንዱ ብቻ ነው የተገኘው። ሲጋራ ትቶ ወደዚህ የተሸጋገረ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይላል? «ፈርተው አስፈራሩን» ይላል። ብዙዎች እንዲህ ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሯቸውን ዘጉ።

ፍርድ ቤቱም አከለበት። ኤፍዲኤ ዕቃውን እንደ መድኃኒት ቆጥሮ ከወደብ እንዳይገባ ሲያግድ ኩባንያዎቹ ከሰሱት። በጥር 2010 ዳኛ ሪቻርድ ሊዮን፣ በታኅሣሥ 2010 ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ሻጩ «ይፈውሳል» እስካላለ ድረስ መድኃኒት ተብሎ ሊታገድ አይችልም፣ እንደ ትንባሆ ውጤት ግን መቆጣጠር ይቻላል ብለው ፈረዱ። የመቆጣጠሪያው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው በነሐሴ 2016 ነው። ይህ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ዕቃው በፌዴራል ደረጃ ይህ ነው የሚባል ተቆጣጣሪ ሳይኖረው በከረሜላና በማንጎ ጣዕም ተሸጠ። ገና በ2014 የተማሪዎች የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ተጠቃሚነት ከተራው ሲጋራ በልጦ ነበር።

ውድ አድማጮች፣ ባለሥልጣን «ይጎዳል» ሲል መጠራጠር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜም ስሕተት አልነበረም። ከአገራችን የወጣውን ቡና እንኳ እዩ። በ1511 በመካ የገበያ ተቆጣጣሪ የነበረው ኻኢር በይ ዑለማንና ሐኪሞችን ሰብስቦ ቡና ለሰውነትም ለአእምሮም ጎጂ ነው አስብሎ አገደው፤ የተገኘውም ተቃጠለ። ሐኪም መሰከረ፣ ባለሥልጣን አወጀ። ይሁንና ከካይሮ የነበረው ሱልጣን እገዳውን አላለው፤ ቡናም ይኸው እስከ ዛሬ በየቤታችን ይጨሳል። እዚያ ላይ ተጠራጣሪዎቹ ልክ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1633 የዑስማኒያው ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ትንባሆን ከለከለ። ቅጣቱ ጭካኔ የተሞላበት ነበር፤ ዑለማዎችም በትንባሆ ላይ ለብዙ ዘመን ተከራከሩ። ግን ጎጂ ነው ያሉት ወገኖች ልክ እንደነበሩ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። ሁለቱንም ያገደው ባለሥልጣን ነው፤ የሚያግደው ማን እንደሆነ ብቻ ያየ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሊያገኘው አይችልም።

ለጥርጣሬው ሌላም ሰበብ አለው፤ ገንዘብ ነው። በ1998 የትንባሆ ኩባንያዎች ከ46 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ጋር ተስማምተው በ25 ዓመት 206 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ፈረሙ። ክፍያው ከሲጋራ ሽያጭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ተጠራጣሪዎች «መንግሥት ሲጋራ እንድንተው አይፈልግም፤ ለዚህ ነው ቬፑን የሚያጠቁት» ይላሉ። ነገሩን እስከ ሤራ ድረስ መውሰድ አይገባም፤ ግን ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። በዚያ ላይ በ1999 ተፈቅዶ በ2004 ከገበያ የወጣው ቫዮክስ የተባለው መድኃኒት አለ፤ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከ1932 እስከ 1972 በተስኪጊ የተፈጸመው ግፍ አለ። እኛም ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ አለን። ስንቶቻችን ነን ዜና ስንሰማ «መንግሥት እንዲህ ካለ ተቃራኒው ነው» እየተባለ ያደግን? በዚያን ዘመን ያ ልማድ ብዙ ሰው አድኖ ይሆናል።

ግን ወገኖቼ፣ ጥርጣሬያችን ለምንድነው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድለው? በጥር 1954 የትንባሆ ኩባንያዎች ከ400 በላይ በሆኑ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ አውጥተው፣ ሲጋራ ካንሰር ማምጣቱ ገና አልተረጋገጠም፣ የሕዝብን ጤና ከሁሉ እናስቀድማለን ብለው ነበር። በ2006 ዳኛ ግላዲስ ኬስለር ኩባንያዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሕዝቡን አውቀው እንዳታለሉ ፈረዱባቸው። ከነዚህ ኩባንያዎች የአንዱ ወላጅ ድርጅት የሆነው አልትሪያ በታኅሣሥ 2018 የጁልን 35 በመቶ ድርሻ በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ያ በ2009 ለነፃነት እንደሚታገል ትንሽ ኩባንያ ከኤፍዲኤ ጋር የተካሰሰው ኤንጆይም በ2023 በአልትሪያ ተጠቀለለ። «መንግሥት ይዋሻል» የምትል ወንድሜ፣ ይኸኛውንስ ወገን መቼ መዘንከው?

ደግሞ ሌላ ነገር ስሙ። በነሐሴ 2015 የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከተራው በ95 በመቶ ያህል ያነሰ ጉዳት አለው አለ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ቁጥሩ በጥቂት ባለሙያዎች ግምት ላይ የቆመ ነው ብሎ ቢተቸውም፣ ከሲጋራ በብዙ ያነሰ ነው የሚለው ፍርድ ግን በዚያ አገር ጸና። በ2019 በእንግሊዝ 886 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሲጋራ ለመተው በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ከታገዙት 18 በመቶው፣ በፕላስተርና በማስቲካ ከታገዙት 9.9 በመቶው ከዓመት በኋላ ከሲጋራ ርቀው ተገኙ። (በኤሌክትሮኒኩ ከተሳካላቸው 80 በመቶው ግን ዓመቱ ሲሞላም እሱኑ እየሳቡ ነበር።) አሜሪካ «ተጠንቀቁ» ስትል እንግሊዝ «አጫሾች ሆይ፣ ወደዚህ ተሻገሩ» አለች። ሰውም «ራሳቸውም አያውቁትም» አለ።

እኔ እንደሚገባኝ ሁለቱ አገሮች የሚያዩት ሰው ይለያያል። እንግሊዞቹ የሚያዩት 26 ዓመት ያጨሰውን አባት ነው። አሜሪካኖቹ የሚያዩት ልጁን ነው። በ2017 ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 11.7 በመቶ፣ በ2018 20.8 በመቶ፣ በ2019 27.5 በመቶ የሚሆኑት በወሩ ውስጥ ተጠቅመዋል። ከአራት ተማሪ አንድ ማለት ነው። በ2015 የወጣው የጁል አንዲት ቁራጭ የያዘችው ኒኮቲን አንድ ፓኬት ሲጋራ ውስጥ ካለው ጋር የሚስተካከል ነበር። ከአባትየው አንጻር ከሚነድ ቤት ወደ ጭስ ቤት መውጣት ነው። ልጁ ግን ከንጹሕ አየር ተነሥቶ ነው ወደዚያ ጭስ ቤት የገባው። «ከሲጋራ ይሻላል» የሚለው ቃል ለእሱ ትርጉም የለውም፤ የሚተወው ሲጋራ የለውምና። ኒኮቲን ደግሞ ገና በማደግ ላይ ያለን አእምሮ ቶሎ ባሪያው ያደርጋል። ይህን ነገር አንዳንዴ ሳስበው ማስጠንቀቂያው ሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ አንዱ ለአባት አንዱ ለልጅ መሰጠት ነበረበት እላለሁ።

ያ ባለመሆኑ የደረሰውን በ2019 አየነው። በዚያው በጋ በዊስኮንሲንና በኢሊኖይ የጀመረ የሳንባ በሽታ መላ አገሪቱን አዳረሰ። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ የሞቱት 68 ናቸው። ሲዲሲ የሚባለው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ምክንያቱ ገና ባልታወቀበት በመስከረም ወር ሰዎች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በጠቅላላ ቢያቆሙ ይሻላል አለ። ቆይቶ ሲጣራ መረጃቸው ከተገኘ ታማሚዎች 82 በመቶው የሐሺሽን ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ የሚባለውን፣ የያዘ ዕቃ ተጠቅመዋል። ከ51 ታማሚዎች ሳንባ በተወሰደ ፈሳሽ በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ፤ ከ99 ጤነኞች ግን በአንዱም አልተገኘም። ነገሩ በድብቅ የሚሸጡ ሰዎች የሐሺሹን ዘይት ለማብዛት የጨመሩት ነው፤ እዚህ አገርም ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ የሚቀላቅል ነጋዴ አለ ማለት ነው። ቫይታሚን ኢ በቆዳ ቢቀቡት፣ ቢውጡት ምንም አይልም። ሳንባ ሲገባ ግን የሆነውን አያችሁ። ያዙልኝ ያልኳችሁ የውሃው ነገር ይህ ነው።

ሲዲሲ በጥር 2020 ምክሩን አስተካክሎ ትኩረቱን ቲኤችሲ ባላቸውና ከመንገድ በሚገዙ ዕቃዎች ላይ አደረገ። ግን በመስከረም የተነገረው ቤት ለቤት ደርሶ ነበር። አባትየው እንደነገሩኝ ባለቤታቸው ዜናውን በቴሌቪዥን ሰምተው ዕቃውን ከቆሻሻ ጣሉባቸው። እሳቸውም ኒኮቲኑ ሲያንገላታቸው ወደ ሲጋራው ተመለሱ፤ አምስት ወር በቀን አንድ ፓኬት አጨሱ። «ለመተው የተጠቀማችሁበት ሰዎች ወደ ሲጋራ አትመለሱ» የሚል ማሳሰቢያ በዚያው በሲዲሲ ምክር ውስጥ ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ርዕስ ላይ ግን አልነበረም። እሳቸው «አላምናቸውም» ሲሉኝ ምን ልመልስላቸው? ልክ ነዎት አልኳቸው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመርኩላቸው።

ሁላችሁም የአቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) ታሪክ ታውቃላችሁ። የረመዷንን ዘካ ሲጠብቁ ሌሊት ሌሊት እየመጣ የሚሰርቅ ሌባ ያዙ፤ በሦስተኛው ሌሊት ሌባው ለመለቀቅ ብሎ ሲተኙ አያተል ኩርሲን እንዲቀሩ አስተማራቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያ ሰው ሰይጣን እንደነበረ፣ ውሸታም ቢሆንም በዚህኛው ግን እውነት እንደተናገረ ነገሯቸው። ከውሸታም ሁሉ የሚበልጠው ውሸታም እንኳ አንድ ጊዜ እውነት ሊናገር ይችላል። በሱረቱል ሑጁራትም አመፀኛ ሰው ዜና ሲያመጣ እንድናጣራ ታዘናል፤ ሳናይ እንድንጥለው አልተባልንም። መንግሥት በ2009 ማጋነኑ በ2018 ስለ ልጆች የተናገረውን ውሸት አያደርገውም። ያኛውን የመረመርነው በቁጥሩ ነው፤ ይኸኛውንም በቁጥሩ እንመርምረው። ስንመረምረው ደግሞ የልጆቹ ቁጥር ይቆማል።

ማጣራት ቀላል ነው አላልኩም። በሰኔ 2022 ኤፍዲኤ ጁል ከገበያ ይውጣ ብሎ ወሰነ፤ በማግሥቱ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አገደው። በሐምሌ 2025 ያው ኤፍዲኤ የጁልን የትንባሆና የሜንቶል ጣዕም እንዲሸጥ ፈቀደ። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ሌሎችንም ፈቅዷል። ይህ ሁሉ ለሰሚው ግራ ነው። ግን «ተፈቀደ» ማለት በእነሱ ቋንቋ ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ለሚያጨስ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ለወጣቱ ከሚያመጣው ጉዳት ያመዝናል ብለው ፈርደዋል ማለት ብቻ ነው። ፍርዳቸው ትክክል መሆኑ ወደፊት ይታያል።

የተማሪዎቹ ቁጥር በ2024 ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን በልጆች እጅ የሚታየው በአብዛኛው ፈቃድ የሌለው፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ነው። በ2020 መጀመሪያ ላይ የጣዕም እገዳው በሚሞሉት ቁራጮች ላይ ሲወጣ እነዚህ ቀርተው ነበርና ገበያው ወደነሱ ፈሰሰ። እንግሊዝ ራሷ፣ ያቺ «ተሻገሩ» ያለችው፣ በሰኔ 2025 እነዚህን የአንድ ጊዜዎቹን ከልክላለች።

እዚህ ላይ ሱቅና ነዳጅ ማደያ ያላችሁ ወንድሞችን ልናገር። «ሰው ከፈለገ ምን አገባኝ» አትበሉ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ክልክል ነው። በ2023 ኤልፍ ባር የተባለውን ሲሸጡ በተገኙ ሱቆች ላይ ኤፍዲኤ ከ19 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት ጠይቋል። ቅጣቱን ተዉትና፣ ማታ ሒሳብ ስትዘጉ ያ ገንዘብ ከማን ልጅ ኪስ እንደመጣ ታውቃላችሁ።

ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እናቶችም፣ ፈሳሹ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታልና ተጠንቀቁ። በታኅሣሥ 2014 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የአንድ ዓመት ሕፃን ፈሳሽ ኒኮቲን ቀምሶ ሞቷል። ጠርሙሱ በሕፃን እጅ የማይከፈት ይሁን የሚለው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ2016 ነው። ድንገት ቢደርስ የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ማቀዝቀዣችሁ ላይ ለጥፉት። ክረምት ላይ ወደ አገር ቤት የምትሄዱም፣ ለወንድሜ ለአጎቴ ብላችሁ ይህን ዕቃ በሻንጣ አትያዙ። በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በኢትዮጵያ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ከልክሏል።

ወደ አባትየው ልመለስ። ሲጋራውን በመተዋቸው አላህን እንዲያመሰግኑ፣ ወደዚያ እንዳይመለሱ፣ ይኸኛውንም ኒኮቲኑን ከሐኪም ጋር እየተማከሩ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ወደ መተው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። ለልጃቸውም ገሠጻ ሳይሆን የደረሰባቸውን ሁሉ፣ የአምስት ወሩን መመለስ ጭምር፣ ቁጭ ብለው እንዲያጫውቱት መከርኳቸው። «እኔ የያዝኩት መውጫ በር ነው፤ አንተ ግን በሱ እየገባህበት ነው» እንዳሉት ነገሩኝ። ከዚህ የተሻለ እኔም አላልኩም ነበር።

ልጁ ባለፈው ጁምዓ መጥቶ ነበር። «ኡስታዝ፣ ሦስት ቀን ሞከርኩት፤ አልቻልኩም» አለኝ። እንፋሎት ብቻ ከሆነ ለምን አቃተህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ጥያቄው ፊቱ ላይ ነበር። የፊታችን ማክሰኞ ከአባቱ ጋር ሆነው ወደ አንድ የማኅበረሰባችን ሐኪም ይዣቸው ልሄድ ቀጠሮ ይዘናል፤ ዱዓ አድርጉላቸው።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።